የአክስቴ ዒዳ እና የአምባሰሏ ጠበቃ

ፍርድ ቤት ውስጥ ማጨብጨብ ክልክል መሆኑን ያወቅሁት ካጨበጨብኩ በኋላ ነው። ግን ከመሀል መጀመር አይሆንም። እመቤት «ነገር የሚያምረው በተራው ሲሄድ ነው» ትላለች፤ እመቤት ማን እንደሆነች ደግሞ አሁን ትደርሱባታላችሁ።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ጅዳ ሰው ቤት ልትሠራ የሄደችው ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ስለሆነ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቷ ዘሀራ ናት። እቴቴ ነው የምላት። እቴቴ ልጅ አልወለደችም። ባሏ ጋሽ ሙሄ ግን አንድም ቀን ይህን አንስቶባት አያውቅም። ሰው ሲነካካው «ሐያት አለችልን አይደል? ይች ብቻዋን የአንድ ቤት ሙሉ ልጅ ወሬ ታወራለች» እያለ ይስቅ ነበር። ቤታችን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። ከጓሮው ማሽላ እናገባለን፣ እቴቴ ደግሞ ዓሣ እየጠበሰች ሐይቅ ከተማ መንገድ ዳር፣ ለወልድያና ለደሴ መንገደኛ ትሸጣለች።

ጦርነቱ ወደኛ የመጣ ጊዜ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ተሰደድን። ስንመለስ ቤቱ ቆሞ ጠበቀን፣ ከብቶቹ ግን የሉም። ጋሽ ሙሄን ስደት ላይ የያዘው ሳል አልለቀቀው አለ። መድኃኒት እንደልብ በማይገኝበት በዚያ ሰሞን አንድ ማለዳ ሱብሒ ሳይሰግድ ሞተ። ስለሱ ብዙ አልጽፍም፤ ከጻፍኩ የደስታ ጽሑፌን በእንባ አበላሸዋለሁ።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ የጋሽ ሙሄ ታላቅ ወንድም ጋሼ እንድሪስ መጡ። ከተማ ውስጥ ሱቅ ያላቸው፣ መስጊድ ከፊተኛው የሰጋጆች ሰፍ የማይጠፉ፣ ሲናገሩ ሰው ዝም ብሎ የሚሰማቸው ናቸው። ከበሩ ላይ ቆመው «ዘሀራ፣ ቤቱንም መሬቱንም ልቀቂ» አሉ።

እቴቴ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት «አንቱ አያ እንድሪስ፣ ምን ነካዎት?» አለች።

«ሙሄ ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ድሮ ነው የፈታሽ። ምስክር አለኝ። መሄጃ የላትም ብሎ አዝኖ ነው በግቢው ያስቀመጠሽ። ለተፈታች ሴት ውርስ የለም።»

እቴቴ ግድግዳውን ያዘች። እንዳናስተባብል ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረንም። የኛ በስደቱ ጠፍቷል፣ መሥሪያ ቤት የነበረውም መዝገብ በዚያው ጊዜ ተበጣጥሶ መንገድ ላይ ሲበን ሰው ሁሉ አይቷል። ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌዎቹ ግን የጋሼ እንድሪስ ወዳጆች ስለነበሩ «ተይው ዘሀራ፤ እህትሽ ጅዳ አይደለች? አንችም ሂጅ። ልጅቱም ትምህርቱን ትተው፤ ደርሳለች፣ ትሂድ» ብለው ተነሱ። ልጅቱ እኔ ነኝ እንግዲህ። እቴቴ ብትሸነፍ ቤት ብቻ አልነበረም የሚሄደው። የእኔም ደብተር ተዘግቶ ሻንጣ ይከፈት ነበር።

ጋሼ እንድሪስም ቤቱን እንድንለቅ ፍርድ ቤት ከሰሱን። ጠበቃ ፍለጋ ስንገባ የከተማው ጠበቃ ሁሉ ወይ የጋሼ እንድሪስ ዘመድ ነው ወይ ደንበኛቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጎን አዲስ ሰሌዳ አይቼ ነበር። እቴቴን እየጎተትኩ ወሰድኳት። እመቤት ከአምባሰል፣ ከክርስቲያን ገበሬ ቤት የወጣች፣ ሕግ ተምራ ሐይቅ የመጣች ወጣት ናት። በከተማችን የመጀመሪያዋ ሴት ጠበቃ ናት ይሏታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደንበኛ አልነበራትም። በሯን የሚያንኳኳው ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ነበር፤ «በሚቀጥለው በር ነው» እያለች ትሸኛለች።

እቴቴ ገና ስታያት በጆሮዬ «ይች ራሷ ጠበቃ የሚያስፈልጋት አትመስልም?» አለችኝ። እመቤት ሰምታለች። «እትዬ ዘሀራ፣ መልኬን ይተዉትና ነገሩን ይንገሩኝ» አለች። ነገርናት። እየጻፈች ሰማች፣ ሳትቸኩል ጠየቀች፣ ጉዳዩን ያዘች።

ከችሎቱ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ቤታችን ድረስ መጣች። ሁለት ጎረቤቶቻችን እቴቴና ጋሽ ሙሄ እስከ መጨረሻው ባልና ሚስት ሆነው እንደኖሩ ሊመሰክሩ ቃል ገቡላት። «አብሽሪ፣ ሀቅ ነው፣ እንመጣለን» አሏት። ሳይመሽባት ልትሄድ ስትል እስከ መንገዱ ሸኘኋት። እግረ መንገዷን፣ ዝም ላለማለት ያህል ይመስለኛል፣ «ትምህርት እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ኧረ ተይኝ! ሒሳብ የወደቅሁት በጋሼ እንድሪስ ነው።»

ሳቀች። «እሳቸው ደግሞ ሒሳብ ምን ቤት ናቸው?»

«ጋሽ ሙሄ የሞተ ጊዜ እቴቴን ዒዳ ላይ ናት ብለው ከበር አላስወጣ አሉ። ዓሣውን ማን ይሽጥ? እኔ! ፈተናው ደርሷል፣ እኔ ሚኒባስ እያሳደድኩ ‹ዓሣ! ትኩስ ዓሣ!› እላለሁ። ወላሂ እስከ ዛሬ ቀሚሴ ዘይት ዘይት ይላል።»

እመቤት መሄዷን አቆመች።

ለማታውቁ፣ ዒዳ ማለት ባሏ የሞተባት ሴት ሳትኳል፣ ሳታጌጥ፣ ያለ ብርቱ ጉዳይ ከቤት ሳትወጣ የምትቀመጥበት ወራት ነው። እኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። የማያውቅ ሰው ስለሌለ ደግሞ ማንም አያወራውም፤ ልክ እንደ መተንፈስ።

«አላስወጣ ያለው ማን ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ጋሼ እንድሪስ ነዋ! ጥቁሩን ቀሚስ እንኳ ያመጡላት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን እቴቴ ጎረቤት ለቅሶ ልትደርስ ብትወጣ በር ላይ ቆመው ጮሁባት። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሰማ። እንዲያውም ሰው ‹የወንድሙን ሚስት በደንብ ጠበቀ› እያለ አመስግኗቸዋል።»

እመቤት መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። «ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ባላቸው የሞተ ጊዜ ከእናቴ ጋር እየተመላለስኩ እጠይቃቸው ነበር። ዒዳውን አውቀዋለሁ። ግን አንቺ ንገሪኝ፤ ከተፈታች የቆየች ሴት ለድሮ ባሏ ዒዳ ትቀመጣለች?»

«ኧረ ምን አግብቷት!» ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ መሀል ላይ ቆመ። ተያየን።

«ሐያት፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። «ለአክስትሽም ጭምር። ፊታቸው ሚስጥር አይዝም።»

እኔ ሚስጥር ይዤ የማድር ልጅ መሰልኳት? እራት ላይ አፌን በእንጀራ ስሞላ እቴቴ «ዛሬ ምን ነካሽ፣ አመመሽ?» አለችኝ።

በማግስቱ ሐይቅ ገባን። የፍርድ ቤቱ መስኮቶች ገና መስታወት አልተገጠመላቸውም፣ በላስቲክ ተሸፍነዋል፤ ንፋስ በመጣ ቁጥር ይንጣጣሉ። አግዳሚው ወንበር ከትምህርት ቤት የተዋሱት ነው። በግቢው ውስጥ ጋሼ እንድሪስ ከደሴ ያስመጧቸው፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ ከረባታቸው ቀይ የሆነ ጠበቃ ከሰዎች ጋር ቆመው ይጨዋወታሉ። አንዱ ሰውዬ እመቤትን አይቶ «አምባሰል ዘፈን እንጂ ጠበቃ ያወጣል እንዴ?» አለ። ሳቁ። ሌላው ቀጠለ፤ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ።»

እመቤት ዞር ብላ «ለመዝፈኑም ለመሟገቱም ጆሮ ያለው ሰው ነው የሚያስፈልገው። እርስዎ ከፊት ይቀመጡልኝ» አለችው። ሰውዬው በእውነት ከፊት ተቀመጠ!

ግን ደስታችን አልቆየም። ምስክሮቻችን የሉም። አንደኛው በማለዳ ወደ ወልድያ ተሳፈረ ተባልን፣ የሌላው ስልክ ተዘግቷል። የሆነ ሰው በእኛና በእነሱ መሀል ገብቷል። እቴቴ ከላስቲኩ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ «አለቀልን» አለች። «ሐያት፣ ለእናትሽ ደውይላት። ጅዳ እንዴት እንደሚኬድ ትንገረን።»

እጄን ስልኩ ላይ አደረግሁ። እመቤት እጄን ያዘችኝና «ቆይ» አለች።

ዳኛዋ ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሣ። በለውጡ ሰሞን ሴት ሹመት ላይ መጣች ሲባል በቴሌቪዥን ነበር የምሰማው። ፍርድ ቤቱን እንዲመሩ ተሹመው ወደ ከተማችን የመጡትን ሴት ያየሁት ያን ቀን ነው። ትልቅ መነጽር፣ ትንሽ ሰውነት፣ ድምፃቸው ከኋላ ግድግዳ ደርሶ የሚመለስ።

የደሴው ጠበቃ ገና ሲጀምሩ ወደ እመቤት ፈገግ ብለው «ይች ልጄ ለሙያው አዲስ ስለሆነች...» አሉ።

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ጠበቃ፣ በዚህ ችሎት ተከራካሪ እንጂ ልጅ አይቀርብም። ይቀጥሉ።»

እኔ እቴቴን በክርኔ ወጋኋት። እሷ ግን አልሰማችም፣ ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል።

የጋሼ እንድሪስ ሁለት ምስክሮች ተራ በተራ ገብተው «ሙሄ በፊታችን ፈትቷታል» አሉ። እመቤት የት፣ መቼ፣ ማን ነበር ብላ ጠየቀቻቸው። የተማከሩ ስለነበሩ እንደ አንድ ሰው መለሱ። ከኋላ ጉርምርምታ ተነሣ፤ «ተረታች» የሚል ሰማሁ። ቀጥሎ ጋሼ እንድሪስ ራሳቸው ቆመው የወንድማቸውን ፍቺ ቁርጥ አድርገው ተናገሩ። ዳኛዋ ወደኛ ዞሩ፤ «መስቀለኛ ጥያቄ?»

እመቤት ተነሣች።

«አቶ እንድሪስ፣ ወንድምዎን ይወዱት ነበር?»

«እንዴታ! አንድ ጡት የጠባን!»

«ቀብሩን ማን አስተናገደ?»

«እኔ! ድንኳኑን የተከልኩ እኔ፣ እንግዳውን የተቀበልኩ እኔ።»

«አላህ ይቀበልዎት። ከቀብሩ በኋላስ ሐዘንተኛውን ቤት ማን ይጠይቅ ነበር?»

የደሴው ጠበቃ ብድግ አሉ። «ክብርት ዳኛ፣ ባልደረባዬ ጥያቄ እየጠየቁ ሳይሆን ለቅሶ እያስደረሱን ነው!» ሰዉ ሳቀ፤ እኔ ራሴ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

«ለቅሶውም ማለቂያ ይኖረዋል» አሉ ዳኛዋ። «ይቀጥሉ።»

«ቤቱን የጠየቅሁት እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ እንድሪስ ደረታቸውን ነፍተው።

«ያን ሰሞን ወይዘሮ ዘሀራ ከተማ ወጥተው ዓሣ ይሸጡ ነበር?»

«እሷ? በፍፁም!»

«ለምን? ሥራቸው አይደለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ጋሼ እንድሪስ ተቆጡ። ፊታቸውን ከዳኛዋ አዙረው አብረዋቸው ወደሚሰግዱት ሽማግሌዎች አደረጉ። «እኔ በሕይወት እያለሁ? ከበር አልፋ አታውቅም! ጥቁር ቀሚሷን የገዛሁ እኔ፣ ማሽላውን ያስጫንኩላት እኔ። ልትወጣ ስትል በር ላይ ቆሜ የመለስኩ እኔ። ዒዳዋን እስከ መጨረሻው ያስፈጸምኳት እኔ ነኝ። ጀመዓው ይመስክር!»

ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፣ በደንብ ጠብቋታል» አለ አንዱ።

እመቤት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ላስቲኩ እንኳ መንጣጣቱን የተወ መሰለኝ።

«የማንን ዒዳ?»

«ምን?»

«አቶ እንድሪስ፣ ያስፈጸሟቸው የማንን ዒዳ ነው?»

«የሙ...» አሉ። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። ያን ቀን አየሁት። የደሴው ጠበቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሼ እንድሪስ «ለእዝነት ብዬ... ሰው እንዳያማት ብዬ...» አሉ።

«እሺ። ከተፈታች የቆየች ሴት የድሮ ባሏ ቢሞት ዒዳ ትቀመጣለች?»

«ይህ የሃይማኖት ጥያቄ ነው!» አሉ የደሴው ጠበቃ።

«ፍርድ ቤቱ ፈትዋ አልጠየቀም» አሉ ዳኛዋ። «ሰውዬው ያኔ ምን አምነው እንዳደረጉት ነው የሚፈልገው። ይመልሱ።»

ጋሼ እንድሪስ ዞረው ሽማግሌዎቹን አዩ። አሁን ራሱን የሚነቀንቅ የለም። ሁሉም መልሱን ያውቀዋል። እሳቸውም ያውቁታል፤ በሌላ ነገር ቢዋሹ እንኳ በዚህኛው፣ በእነዚያ ሰዎች ፊት፣ አይችሉም። አንገታቸውን ደፉ።

«አትቀመጥም» አሉ።

አጨበጨብኩ።

ብቻዬን! ጭብጨባዬ ጣሪያውን መትቶ ሲመለስ ነው ብቻዬን መሆኔን ያወቅሁት። ፖሊሱ አፈጠጠብኝ።

«ያጨበጨበችው ማናት?» አሉ ዳኛዋ።

ተነሥቼ ቆምኩ። «ሐ... ሐያት።»

«ሐያት፣ እዚህ ቤት ደስታ በሆድ ነው። ተቀመጪ።» መነጽራቸው ሥር ግን የሆነ ነገር ፈገግ ሲል አይቻለሁ፤ ማንም ቢክደኝ አልሰማም።

ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ነው ተባለና ወጣን። ከአጥሩ ጥግ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እቴቴ ሚስጥሩን ያወቀችው ገና ችሎት ውስጥ ነው። «የኔን ዒዳ አደባባይ አወጣሽው» አለቻት እመቤትን፤ ቁጣም አይደለም፣ ምስጋናም አይደለም። «እሱ እኮ በእኔና በአላህ መሀል ነበር።»

እመቤት የያዘችውን ወረቀት አስቀመጠች። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ሌላ አልነበረኝም። ይኸው የመጀመሪያ ክርክሬ ነው።»

«ምንሽ ነው?»

«የመጀመሪያዬ ነው። ትናንት ብነግርዎት ኖሮ ዛሬ ይመጡ ነበር?»

እቴቴ አየቻት፣ አየቻትና «ወላሂ አልመጣም!» ብላ ሳቀች። ጋሽ ሙሄ ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። ከቤት ከያዝነው ምግብ ጠቅልላ አጎረሰቻት። «ብይ፤ ገና ፍርድ አለ፣ ወድቀሽ እንዳታዋርጅን።»

ከሰዓት ዳኛዋ አነበቡ። ግማሹ የሕግ ቋንቋ አልገባኝም። የገባኝን ግን በቃሌ ይዤዋለሁ። ሰው በአንደበቱ ከሚናገረው ይልቅ ማንም ሳይጠይቀው፣ ወድዶ፣ በጎረቤት ፊት ያደረገው ይበልጥ ይታመናል አሉ። አቶ እንድሪስ ክርክሩ ሳይነሳ በፊት ወይዘሮ ዘሀራን የወንድማቸው ሚስት አድርገው በተግባር አረጋግጠዋል አሉ። ስለዚህ ወይዘሮ ዘሀራ የሟች ሚስት ናት፤ ከቤቷም ከመሬቷም የሚያስለቅቃት የለም።

እቴቴ ተነሥታ እጇን ዘርግታ «ዕድሜ ይስጥዎት ጌታዬ!» አለች፤ ዳኛ ሁሉ ጌታዬ ነው ብላ።

«እመቤቴ ቢሉኝም እሰማለሁ» አሉ ዳኛዋ። ያኔ ችሎቱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም በሕጋዊ መንገድ ሳቅሁ።

ደጅ ላይ የደሴው ጠበቃ እመቤትን ለመጨበጥ ራሳቸው መጡ። «ልጄ... ይቅርታ፣ ጠበቃ። ያን ጥያቄ ከየት አመጣሽው?»

እመቤት በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «ከባልደረባዬ።»

ባልደረባዬ! እስኪ አስቡት! ከአርዲቦ እስከ ደሴ በእግሬ ብሮጥ አይደክመኝም ነበር።

ይህን የምታነቡ በተለይ ሴት ልጆች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ከዚያ ቀን በፊት ሕግ ማለት ወፍራም መጽሐፍ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እናቶቻችን በየጓዳው የኖሩት ነገር ሁሉ እሱን የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ማስረጃ እንደሚሆን አውቃለሁ። ከደሴ የመጡት ትልቅ ጠበቃ በዕድሜም በልምድም ከእመቤት ይበልጣሉ። ግን እሳቸው የዓሣ ሻጭ ሴትን ሥራ፣ ቀሚስና በር መጠየቅ አልመጣላቸውም። ለእመቤት መጣላት። ሴት ጠበቃና ሴት ዳኛ የሚያስፈልጉን ለጌጥ አይደለም፤ ያልተጠየቀው ጥያቄ እንዲጠየቅ ነው። ደግሞም ወሬኛ የምትባሉ ካላችሁ አውሩ! ለማን እንደምታወሩ ብቻ ምረጡ።

አሁን ከትምህርት ስመለስ እመቤት ቢሮ ነው የምውለው። ሰው አስገባለሁ፣ ማመልከቻ ስትጽፍ እያየሁ እማራለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ምን እንደምመርጥ አትጠይቁኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ክፍሏ ስለጠበበን አግዳሚው ወንበር ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ከአምባሰል፣ ከግሸን ሥር፣ ከከተማውም የሚመጡ ሴቶች ይሞሉታል። አሁን ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣው ሰው ነው በሰልፉ ተሳስቶ የሚቆመው።

በዚህ ክረምት አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ሳለ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና ስል ጋሼ እንድሪስ ናቸው። ከኋላቸው ልጃቸው ሰዓዳ ሕፃን አዝላ ቆማለች። ባሏ ከዓረብ አገር ተመልሶ «ወደ አባትሽ ሂጅ» ብሎ ከቤት እንዳስወጣት ከተማው ሰምቷል።

«ጠበቃዋ አለች?» አሉኝ፤ ዓይኔን ሳያዩ።

አልቻልኩም፣ አፌ ቀደመኝ። «የደሴው ጠበቃስ ጋሼ?»

ተቆጥተው የሚመለሱ መስሎኝ ነበር። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «አይ አንች ልጅ» አሉ። «እሳቸው ሕጉን ያውቃሉ። ግን ያችን፣ እኔን በሰው ፊት ያቆመችኝን፣ ያን የሰዓዳን ባል ደግሞ እንድታቆምልኝ ነው የመጣሁት።»

«አለች፤ ግን ወረፋ አለ። ይቀመጡ ጋሼ» አልኳቸው።

ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁ። ጋሼ እንድሪስ ልጃቸውን አስቀድመው አስቀመጡና እሳቸው ከአግዳሚው ጫፍ፣ ከሁሉም ኋላ፣ ተራቸውን ሊጠብቁ ቁጭ አሉ።